ማገዶ ቆጣቢ ሁሉ ጢስ ቀናሽ አይደለም

በአገራችን «የተሻሻለ ምድጃ» የሚለው ሐረግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥሯል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምድጃ ሲመዘን የኖረው በአመዛኙ በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ስንት እጅ ማገዶ ይቆጥባል? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ብቻውን በቂ አይደለም። እንዲያውም ከምድጃው ፊት የምትቀመጠው ጋጋሪ ምን ያህል ጢስ ትተነፍሳለች? የሚለውን ሌላ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሸፍኖብናል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ያላቸው ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ ልዩነታቸውን ከየካ ክፍለ ከተማና ከእንጦጦ ተራሮች ሁኔታ በመነሣት ለማሳየት እንሞክራለን።

አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ የነበረች ከተማ መሆኗ ይታወቃል። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ አካባቢ ከወረደ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በዙሪያው የነበረው የጽድ ደን ተመናመነ፤ ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሣት ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የገባው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጉለሌ እስከ የካ ያሉት ተራሮች የከተማዋ ማገዶ ቤት ሆነው ኖረዋል። ሆኖም ከዚህ ደን የሚወጣው ማገዶ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ግንዱ ተፈልጦ፣ በመኪና ተጭኖ ለሚችል ይሸጣል። ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ቅርንጫፉ ደግሞ በሴቶች ጀርባ ተጭኖ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ሾላና ወደ ኮተቤ ይወርዳል። ሸክሙ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። የዓለም ሥራ ድርጅት የእነዚህን ሴቶች ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አስጠንቶ ነበር፤ ከመካከላቸውም የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ከሸክም ወደ ሽመና ለመሻገር ችለዋል። የቀሩት ግን ዛሬም ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ይህን ማንሣታችን ለታሪክ ያህል አይደለም። ምድጃ የሚነድፍ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ምድጃው ምን እንደሚነድድበት ነው። በየካ ዳገቶች ላይ ባሉ ድሃ ቤቶች ማድ ቤት ውስጥ የሚገባው ማገዶ በአብዛኛው ደረቅ ፍልጥ ሳይሆን ቅጠልና ጭራሮ፣ አንዳንዴም ከእንጨት ቤት የተገዛ ሰጋቱራ ነው። በቤተ ሙከራ ምድጃ ሲፈተሽ ግን የሚነድደው በእኩል መጠን የተቆረጠ፣ እርጥበቱ የተለካ እንጨት ነው።

አሁን ወደ ምድጃዎቹ እንምጣ። ለከሰል የሚያገለግለው ላቀች ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ተወስዶ ለእኛ እንዲስማማ የተደረገ ነው። ለእንጀራ የሚያገለግለው ምርጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተነደፈ ሲሆን፣ ሲሚንቶን ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር በማደባለቅ ይሠራል። አራት ቅስት ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ጢሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ናቸው። ኋላም ለወጥና ለቡና ትክክል የተባለው ምድጃ ተጨመረ። አንባቢ ልብ ይሏል፤ ላቀች፣ ምርጥ፣ ትክክል፤ ስሞቹ ሁሉ ፈተናው ሳይደረግ ውጤቱን የሚነግሩ ናቸው። ይህን የምንለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። በተለይ ምርጥ ለእንጀራ ተብሎ የታሰበ በመሆኑ ከውጭ ከሚመጡት ሁሉ የተሻለ መነሻ ነበረው። የውጭዎቹ ምድጃዎች በአብዛኛው የሚፈተኑት ውኃ በማፍላት ሲሆን፣ ከቤታችን ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ የሚነድደው በምጣድ ሥር ነው።

ምጣድ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሻ አንባቢ በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል። ስፋቱ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ምጣድ ክብደቱ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን ምጣድ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ 1.5 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። አንድ እንጀራ 450 ግራም ሊጥ ቢፈጅና በመጋገር ላይ 100 ግራም ውኃ ቢተን፣ ሊጡን ለማሞቅና ውኃውን ለማትነን 0.35 ሜጋ ጁል ይበቃል። እንግዲህ 25 እንጀራ ለመጋገር ምጣዱን ማሞቂያውን ጨምሮ 10 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ ነው የምንፈልገው። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 16 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ምንም ሙቀት ባይባክን ኖሮ 650 ግራም እንጨት ለ25 እንጀራ በበቃ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን የሙቀቱ ብቃት ከመቶ 10 እጅ እምብዛም ስለማያልፍ 6 ኪሎ ተኩልና ከዚያም በላይ ይነድዳል። ከዚህም ውስጥ አንድ ኪሎ ያህሉ የሚነድደው የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ምጣዱን ለማሞቅ ነው። አምስት እንጀራ ብቻ የምትጋግር አንዲት እናትና 30 የምትጋግር ሌላዋ የሚያወጡት የመነሻ ወጪ እኩል መሆኑ ከዚህ ይታያል። ግድግዳው ከባድ የሆነ ምድጃ ደግሞ ራሱን ለማሞቅ ተጨማሪ ሙቀት ይጠጣል፤ የሚክሰውም ጋገራው ሲረዝም ነው። አንድ ምድጃ «ይህን ያህል ይቆጥባል» ሲባል ስንት እንጀራ ተጋግሮ? ብሎ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የነገሩ እምብርት ነው። የአንድ ምድጃ ጠቅላላ ብቃት የሁለት ብቃቶች ብዜት ነው፤ አንደኛው እንጨቱ ምን ያህል ተሟልቶ ይቃጠላል? የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የተገኘው ሙቀት ምን ያህሉ ወደ ምጣዱ ይደርሳል? የሚለው ነው። ብዙዎች ሦስት ጉልቻ እንጨቱን በደንብ አያቃጥልም ብለው ያስባሉ። እውነታው ግን ግልጥ እሳት እንኳን ከእንጨቱ ውስጥ ካለው ኃይል ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን አቃጥሎ ሙቀት ያወጣል። የሚባክነው ሙቀቱ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ስለሚበተን ነው። በተቃራኒው ጢስ የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም፣ ደቃቁ ብናኝም፣ ጥቀርሻውም የሚመጣው ሳይቃጠል ከቀረው ጥቂት እጅ ነው። እንግዲህ ነዳፊው እሳቱን በግድግዳ ከብቦ፣ ምጣዱን ወደ ነበልባሉ ዝቅ ቢያደርግ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ በብዛት ይደርሳል፤ ማገዶም ይቆጠባል። ነገር ግን ነበልባሉ ገና ሳይጨርስ ከቀዝቃዛው ሸክላ ጋር ሲላተም ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ጋዝም ሳይቃጠል ጥቀርሻና ጢስ ሆኖ ይወጣል። የሚገባው አየር ቢጠብም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ማገዶን በግማሽ የቀነሰ ምድጃ ከእያንዳንዱ ኪሎ እንጨት የሚያወጣው ጢስ ከጉልቻው ሊበልጥ ይችላል።

ለድስት የተሠሩ ምድጃዎች ይህን ግጭት በአንድ ዘዴ አስታርቀውታል። አሜሪካዊው ላሪ ዊኒያርስኪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባስተዋወቀው «ሮኬት» በሚባለው ንድፍ፣ እሳቱ ሙቀት በማያሳልፍ ጠባብ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይነድዳል፤ ጋዙ ወደ ድስቱ ከመድረሱ በፊት ተቃጥሎ የሚያልቅበት ቁመትና ጊዜ ያገኛል። ትክክልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ምጣድ ግን ድስት አይደለም። ከጠባብ ጉድጓድ የሚወጣ ነበልባል የምጣዱን መሃል ሲያጋይ ዳሩ ቀዝቃዛ ይቀራል፤ እንጀራውም መሃሉ አርሮ፣ ጠርዙ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሊጥ ይላል። እንጀራ በእኩል የተዘረጋ ሙቀትን ይጠይቃል። ይህንን ማንኛዋም ጋጋሪ እሳቱን ወደ ጎንና ወደ ጎን እየገፋች በየቀኑ ትፈታዋለች፤ በአንጻሩ ለምጣድ የሚሆን፣ ንጹሕ ነበልባልን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት የሚያዳርስ ርካሽ የማገዶ ምድጃ ነድፎ ለሕዝብ ማዳረስ ገና ያልተጠናቀቀ የቤት ሥራ ነው። በእኛ እምነት ለአገራችን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከዚህ የበለጠ የተገባ ጥያቄ ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄውን ቅጠሉ ያከብደዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲኒኦል የሚባል ተናኝ ቅባት በብዛት አለው። ሲቀጣጠል ቦግ ይልና ወዲያው ያልቃል፤ ፍም አይተውም። በመሆኑም ጋጋሪዋ ከእሳቱ አፍ ሳትርቅ፣ አንድ እጇ ሊጥ ሲያፈስ በሌላው እጇ ቅጠል ትማግዳለች። እያንዳንዱ እፍኝ ሲጨመር ለጥቂት ሰከንዶች የሚወጣው ጋዝ ከሚገባው አየር በላይ ይሆናል፤ ጥቁር ወይም ነጭ ጢስ የሚተፋውም ያን ጊዜ ነው። ለፍልጥ ተብሎ የተለካ የምድጃ አፍ ለዚህ ዓይነቱ ነዳጅ አይመችም። ከነበልባሉ በላይ በኩል በትንንሽ ቀዳዳዎች ሁለተኛ አየር፣ ያውም በምድጃው ግድግዳ ውስጥ አልፎ የሞቀ አየር ቢገባ፣ ያ ድንገተኛ ጋዝ የሚቃጠልበት ዕድል ያገኛል። ቅጠሉን ጨምቆ ጥፍጥፍ ማድረግም ሌላው መንገድ ነው። የትኛው እንደሚሻል በወረቀት ላይ መወሰን አይቻልም፤ ቅጠሉን አንድዶ መለካት ያስፈልጋል።

የተራራው ከፍታም ሊዘነጋ አይገባውም። አብዛኞቹ የዓለም ምድጃዎች የተነደፉትና የተፈተኑት በዝቅተኛ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም በ2,500 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። አየሩን ወደ ውስጥ የሚስበው የጭስ ማውጫው ስበትም እንዲሁ ይደክማል። ስለዚህ ለሌላ አገር የበቃ የአየር ቀዳዳ ለየካ ሊጠብ ይችላል። ይህ ሒሳቡ ቀላል የሆነ፣ ነገር ግን በምድጃ ማስታወቂያዎች ላይ ተጽፎ ያላየነው ጉዳይ ነው።

በቤተ ሙከራና በቤት መካከል ያለውን ርቀት በሚመለከት ከአገራችን የወጣ ጠቃሚ ማስረጃ አለ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ማገዶ ይቆጥባል ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ባለቤቶቹ ራሳቸው እየጋገሩ የተካሄደ የቁጥጥር ፈተና ግን ቁጠባውን ከመቶ ከ22 እስከ 31 እጅ አድርሶታል። ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም፤ ከአራት ሸክም አንዱን ማስቀረት ማለት ነው። ቢሆንም ግማሽ አይደለም። እኛም ምድጃውን የሚያስመሰግነው ሁለተኛው ቁጥር ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የተገኘው ከጋጋሪዎቹ እጅ ነው።

የጢሱ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ድሃ ሠፈሮች ላይ የታተመ ጥናት በቤቶች ውስጥ የደቃቅ ብናኝ መጠን በአማካይ በሜትር ኩብ ከ800 ማይክሮ ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለአንድ ቀን የሚፈቅደው 15 ነው። ከዚህ ላይ አንድ ምድጃ ግማሹን ቢቀንስልን 400 ይቀራል፤ ይኸውም ከመመሪያው ከ25 እጥፍ በላይ ነው። በብናኝና በበሽታ መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ ቀጥተኛ መሥመር አይደለም። በዝቅተኛው መጠን ላይ አደጋው በፍጥነት ይወጣል፤ በከፍተኛው ላይ ግን እየለዘበ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ግማሹን መቀነስ በሽታውን በግማሽ አይቀንስም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያቀፈውና ውጤቱ በ2016 መጨረሻ የወጣው ጥናት፣ በነፋስ ማራገቢያ የሚሠራ ዘመናዊ የማገዶ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች አለመቀነሱን አረጋግጧል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሻሻለ የመጋገሪያ ምድጃ ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት ነው ያገኘው። ከዚህ የምንረዳው ምድጃ መንደፍ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ለጤና የሚጠቅመው ትንሽ የተሻለ ምድጃ ሳይሆን በጣም የተሻለ ምድጃ መሆኑን ነው።

«ቧንቧ ይደረግበት» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ቧንቧ ያለው ምድጃ ለጋጋሪዋ ዓይን እፎይታ ስለመሆኑ አንጠራጠርም፤ እኛም ይደረግ ባዮች ነን። ነገር ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ግድግዳ ከግድግዳ ተጣብቀው በተሠሩ ቤቶች መካከል አንዲት ማድ ቤት ያስወጣችው ጢስ ወደ ጎረቤት መስኮት ይገባል። ጢሱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ጣራውን የሚያልፍ ረጅም ቧንቧ ይረዳል፤ እሱም ከምድጃው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

«የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት አገር ስለ ቅጠል ምድጃ ምን ያነጋግራል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ከላይ ያሰላነው 10 ሜጋ ጁል በኤሌክትሪክ ቋንቋ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ግማሹ ቢባክን እንኳን 25 እንጀራ በ6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጋገራል። ጢስም የለበትም። የየካ ማድ ቤት መድረሻው ኤሌክትሪክ መሆኑን እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ ዕቃ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ቤተሰብ በሚጋራበት ግቢ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሊበራ አይችልም። መብራት ሲጠፋ የቦካው ሊጥ አይጠብቅም። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የተጀመረው የታሪፍ ማስተካከያም ለድሃው ቤት የራሱ ትርጉም አለው። ምጣድ ያላት ሴት እንኳን ጉልቻዋን አትጥልም፤ እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን አንጥልም። ግድቡ መጥፎ ምድጃን ለመታገሥ ሰበብ መሆን የለበትም፤ ምድጃውም መሥመር ላለመዘርጋት ሰበብ መሆን የለበትም።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲሰበክ «ሴቶችን ከሸክም ያሳርፋል» ይባላል። ይህ ለራሷ ቤት ለምትለቅም ሴት እውነት ነው። ለገበያ ተሸክማ ለምትወርደው ግን በሾላ አንድ ቤት የቆጠበው ጥቅል የጠፋባት ገበያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተና ተራራው የመዝናኛና የአገር በቀል ዛፎች ቦታ እየሆነ ከመጣ ወዲህ የዚች ሴት መንገድ ከሁለት ወገን ጠቧል። የምድጃ ፕሮግራም የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የሴቶቹን መተዳደሪያ ከዕቅዱ ውጭ ካደረገው፣ ቁጠባውን የከፈለችው ከሁሉ ድሃዋ ናት ማለት ነው። ምድጃውን በማምረትና በመሸጥ ሥራ እነዚህን ሴቶች ማስቀደም ይቻላል፤ የምርጥ ክፍሎች የሚወጡት በቅርጽ ማውጫ ስለሆነ ሥራው በአጭር ሥልጠና የሚለመድ ነው።

ስለ ምድጃው ደግሞ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንኛውም ምድጃ «የተሻሻለ» የሚለውን ስም ከማግኘቱ በፊት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ በእውነተኛ ጋጋሪ እጅ እንጀራ ይጋገርበት፤ የነደደው ማገዶ ብቻ ሳይሆን የተጋገረው እንጀራ ቁጥርና በጋጋሪዋ አፍንጫ ቁመት የተለካው ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይመዝገብ። ውጤቱ መጥፎም ቢሆን ይታተም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ቴርሞኮፕልና አነስተኛ የአየር መሳቢያ ከማጣሪያ ወረቀት ጋር ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አቅም በላይ አይደለም። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግር፣ በ15 ሳምንት የትምህርት ወቅት 30 ጋገራ ይሆናል። ከኮተቤ አምስት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አምስት ቤቶች ፈቃደኛ ቢሆኑ 300 ጋገራ ይመዘገባል፤ ግማሹ በጉልቻ፣ ግማሹ በአዲሱ ምድጃ ቢደረግ ደግሞ ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።